አባቴን የያዛቸው «የእብድ ላም በሽታ» ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ነገር ይረሳሉ፣ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ፣ ባለፈው ሳምንት ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዱ ጠፋቸው። ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ አንድ ጎረቤት «የእብድ ላም በሽታ ነው፣ ይተላለፋል» አለን። ሲኒያቸውን ለይተናል። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሲኒያቸውን መልሺላቸው። በሽታው ያ ቢሆን እንኳ አብሮ ቡና በመጠጣት፣ በመሳም፣ በማስታመም አይተላለፍም።

ስሙ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በቫይረስ ነው። ይሄኛውን የሚያመጣው ግን ፕሪዮን የሚባል ነገር ነው፤ ቫይረስም ባክቴሪያም አይደለም፣ ፕሮቲን ብቻ። ጤነኛው ፕሮቲን በሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ። ጣጣው የሚመጣው ቅርጹ ሲጣመም ነው፤ የተጣመመው ጤነኛውን ሲያገኘው እንደ ራሱ ያጣምመዋል፣ ያም ሌላውን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይጠራቀምና ሴሎቹ ይሞታሉ፣ አንጎሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። አሜሪካዊው ስታንሊ ፕሩሲነር ይህን በ1982 እ.ኤ.አ. ሲናገር ብዙ ሳይንቲስት አላመነውም ነበር። በ1997 ኖቤል ተሸለመበት።

ወደ ሥጋው ልምጣ። በእንግሊዝ አገር በሽታው በከብቶች የተዛመተው ከታረዱ እንስሳት ሥጋና አጥንት የተፈጨ መኖ ስለበሉ ነው። የወሎ በሬ ሣርና ገለባ ነው የሚበላው። ደግሞ ፕሪዮን በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፣ ስለዚህ ጥሬ መብላታቸው ለዚህ በሽታ ለውጥ አያመጣም። ለኮሶ ግን ያመጣል፤ በዚህ በኩል ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ክሮይትስፌልት ያኮብ የሚባለው የሰው ፕሪዮን በሽታ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለቱን ነው የሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሥጋ ጋር ሳይገናኝ እንዲሁ በራሱ ይጀምራል። አልዋሽሽም፣ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። በወራት ውስጥ ይገድላል።

ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባትሽ በቅርብ ወድቀው ያውቃሉ? በእሳቸው ዕድሜ ጭንቅላትን ቀላል ምት ከመታ በኋላ ደም በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ እያለ ለሳምንታት ሊጠራቀም ይችላል፤ መርሳትና መንገዳገድ ያመጣል፣ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ብዙዎቹ ይድናሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የሚውጡት መድኃኒት ራሱ፣ እነዚህም እንዲህ ያደርጋሉ። ሁሉም ሕክምና አላቸው። ሳይመረመሩ «የእብድ ላም ነው» ብሎ ቤት ማስቀመጥ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ደሴ ሆስፒታል ውሰጃቸው። የደም ምርመራና የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል። ራስ ምታት ከጠናባቸው፣ ካስታወካቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። መቼ እንደጀመራቸው ጻፊ። እሳቸው ሊረሱት ስለሚችሉ፣ መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው እንኳ ከሆነ ለሐኪሙ አንቺ ንገሪው።