መልስ፦ በጃዝ ባንድ መሪው በዱክ ኤሊንግተን የ1927ቱ (እ.ኤ.አ.) ቅጂ ላይ የሚያጉረመርመው ትራምፔት የኩቲ ዊልያምስ ነው?

አይደለም። በዱክ ኤሊንግተን የ1927 ቅጂ ላይ የሰማኸው የባንዱን ትራምፔት ነፊ ባበር ማይሊን ነው። ኩቲ እሱን ተክቶ ባንዱ የገባው በ1929 ነው።

የሚመሳሰሉብህ ዘዴያቸው አንድ ስለሆነ ነው። የተዘጋ ሲንክ የሚከፈትበትን ላስቲክ በግራ እጅ ይዞ ድምፅ የሚወጣበትን የትራምፔቱን ሰፊ አፍ ከፈት ዘጋ ማድረግ፣ እየነፉም ከጉሮሮ ማጉረምረም። ኩቲ ግን ላስቲኩን አስቀምጦ ሲነፋም ድምፁ ሰፊና ወፍራም ነው። ለእኔ የሚበልጠው እዚያ ላይ ነው።

ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የአልበሙን ሽፋን ትተህ የተቀረጸበትን ቀን እይ። ዳግም የታተሙ ስብስቦች ዘመኑን ይቀላቅሉታል። ኩቲ በ1940 መጨረሻ ወደ ቤኒ ጉድማን ባንድ ሄደ፤ በዓመቱ የራሱን ባንድ አቋቋመ። ወደ ኤሊንግተን የተመለሰው በ1962 ነው። በመሃል የምትሰማው ማጉረምረም ብዙውን ጊዜ የተተኪው የሬይ ናንስ ነው።