መጀመሪያ ልኬታችሁን ጠርጥሩ

ወደ ጥራት ቁጥጥር ሙያ ለመግባት የምታስቡ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ኤክሴልን በደንብ ልመዱ። ሚኒታብ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ካገኛችሁም እሰየው። እሱ የወራት ጉዳይ ነው። ዓመታት የሚፈጀው የገዛ ልኬትን መጠራጠር ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ከማሽን የወጡ የብረት ዘንጎች ለካሁ። ርዝመታቸው 100 ሚሊሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት 0.01 ብቻ። ሁሉም ረዝመው አገኘኋቸው። ደረቴን ነፍቼ «ውድቅ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አንጋፋ ተቆጣጣሪ መጡ። የለካሁበትን ማይክሮሜትር አልነኩትም። ዘንጉን በእጃቸው ያዝ አደረጉና «ይሄ'ኮ ገና ትኩስ ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል ለካው» አሉኝ። ለካ ይህን የሚያክል ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 0.02 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል! የርዝመት ልኬት መነሻ በዓለም ዙሪያ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነው ወዶ አይደለም። ሲቀዘቅዙ ብዙዎቹ ደህና ነበሩ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስታቲስቲክስን አትሽሹት። አማካይንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን (ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን) በቅጡ ከተረዳችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። በ1924 እ.ኤ.አ. ዋልተር ሸዋርት የሚባል አሜሪካዊ ለአለቃው በላከው አጭር ማስታወሻ ላይ የቁጥጥር ቻርትን ነደፈ። መሃል ላይ አማካዩ አለ፤ ከላይና ከታች ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ርቀት፣ ሁለት የወሰን መስመሮች። ቻርቱ ላይ በተራ የምታስቀምጧቸው የልኬት ነጥቦች ከመስመሩ ሳያልፉ ተከታትለው ወደ ላይ መውጣት ከጀመሩ ዝም አትበሉ። ምናልባት የመቁረጫው ስለት እየተበላ ነው። ገና አንድም ዕቃ ሳይበላሽ ደረሳችሁበት ማለት ነው።

ቁጥር ሁሌም ይዋዥቃል። እኔን የሚያስደነግጠኝ የማይዋዥቀው ነው። አንዴ የአንድ ሙሉ ሺፍት መዝገብ ከላይ እስከ ታች 25.00፣ 25.00፣ 25.00 ተሞልቶ አየሁ። ቀለሙ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሞላው።

ከፕሮዳክሽን ሰዎች ጋር መነጋገርም ሙያ ነው። «ምርታችሁ መጥፎ ነው» ካላችኋቸው ጠብ ታተርፋላችሁ። «ከአራት ሰዓት ወዲህ ዲያሜትሩ እየጨመረ ነው፤ ምን ተቀየረ?» በሉ። ያኔ ነገሩን ራሳቸው ያወጡታል። (ጭነት ለማድረስ የቸኮለ አለቃ ግን ሌላ ጉድ ነው። ለእሱ ልኬቱ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።)

ዛሬ ሰው ስቀጥር አንድ ካሊፐር (ዕቃን በመንጋጋው ይዞ የሚለካ መሣሪያ) እና አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። «ለካልኝ» እላለሁ። አብዛኛው ቀጥታ ዕቃውን ያነሳል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ የካሊፐሩን መንጋጋ ይጠርጋል፣ ይገጥመዋል፣ ዜሮ ማንበቡን ያያል። ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቀው ቀጥሬው አውቃለሁ።