ትዊ ፖፕ ከየት መጣ? ጊታሩስ ለምን ያቃጭላል?

ወንድማችን ትዊ ፖፕ የሚባለው ለስላሳ የጊታር ሙዚቃ ከየት እንደ መጣ፣ በምን እንደሚለይ፣ ድምፃውያኑስ ለምን ዘፈን ያልተማሩ እንደሚመስሉ ጠይቀዋል። እኔ በሙያዬ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ሆኖም ይህን ሙዚቃ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ፣ በጊታርም ልጫወተው ሞክሬ ደጋግሞ ከሽፎብኛል።

አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። «ጃንግል» የጊታሩ ድምፅ ስም ነው፤ «ትዊ» ግን የጠባይ ስም ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል እንግሊዛዊ ሕፃን «ስዊት» ለማለት ሲኮላተፍ ከሚያወጣው ድምፅ የመጣ ሲሆን፣ በሙዚቀኞቹ ላይ የተለጠፈውም ለማሾፍ ነበር።

የጊታሩ ድምፅ የሚመዘዘው በርድስ ከተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን ነው። የቡድኑ ጊታሪስት ሮጀር መጊን በ1965 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የተጫወተበት ሪከንባከር የተባለ ጊታር አሥራ ሁለት ክሮች ያሉት ሲሆን፣ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታሰራሉ። በአራቱ ወፍራም ጥንዶች አንዱ ክር ከጓደኛው አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭኑ የሚደገምበት ርቀት) ከፍ ብሎ ስለሚቃኝ፣ አንድ ምት ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ ቀጭኑም ከላይ እንደ ቃጭል ይሰማል። እኔ ክራር እየገረፍኩ ስላደግሁ፣ የማይፈለገውን ክር በግራ እጄ ጣቶች ማፈን ልማዴ ነበር፤ እዚህ ግን ክፍት ክሮቹን እየጮኹ መተው ነው ሥራው። በዚያ ላይ የአምፕሊፋየሩን (የድምፅ ማጉያውን) ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሻክረውን፣ ከፍቼ ስለምጫወት ድምፁ ሁሉ ተላቁጦ አንዱ ክር ከሌላው አልለይ ይለኝ ነበር። ዲስቶርሽኑን ዘግቼ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ አድርጌ፣ ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ በሚያርፉበት በብሪጁ በኩል ያለውን ፒክአፕ (ድምፅ ተቀባይ) የመረጥኩ ዕለት ነው ያ የምፈልገው ጥራት የወጣልኝ።

ወደ አጀማመሩ ስንመለስ፣ እኔ መነሻውን የማደርገው ግላስጎውን ነው። በዚያ ከተማ አለን ሆርን የሚመራው ፖስትካርድ የተባለ ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ በ1980 ኦሬንጅ ጁስ የተባለውን ቡድን ሸክላ አወጣ፤ የቡድኑ መሪ ኤድዊን ኮሊንስም ጡንቻ የሚያሳየውን የሮክ ዘፋኝ ጠባይ ትቶ፣ ዓይን አፋርነቱን ሳይደብቅ ዘፈነ። ብዙዎች መነሻው ኤንኤምኢ የተባለው የብሪታንያ የሙዚቃ ጋዜጣ በ1986 ያወጣው የ22 ቡድኖች ካሴት፣ ሲ86፣ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው እንደ ቢግ ፍሌምና ቦግሼድ ያሉ ጆሮ የሚቧጥጡ ቡድኖችንም ያገኝበታልና። ጣፋጩን ወገን ነቅሶ ያወጣው በብሪስቶል ክሌር ዋድና ማት ሄይንስ ከ1987 እስከ 1995 ያካሄዱት ሳራ ሬከርድስ የተባለ አሳታሚ ነው፤ የሥራዎቻቸው ተራ ቁጥር መቶ ሲሞላም በራሳቸው ፈቃድ ዘጉት።

ድምፃውያኑ ያልተማሩ የሚመስሉበት ምክንያት፣ ይህ ሙዚቃ ረጋ ያለ ቢመስልም ፓንክ የተባለው ቁጡ የሮክ ሙዚቃ ልጅ በመሆኑ ነው። ፓንክ «ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የቻለ ሁሉ ቡድን ያቋቁም» የሚል መንፈስ ነበረው፤ እነዚህ ወጣቶች መንፈሱን ተቀብለው ቁጣውንና የወንድነት ፉከራውን ጣሉት። ስለዚህ የድምፁ መሳሳት ከችሎታ ማነስ ብቻ የመጣ ሳይሆን የተመረጠ አቋም ነው፤ ሴቶችም በዚህ ሙዚቃ ከዳር የቆሙ አጃቢዎች አልነበሩም። በኦክስፎርድ የተመሠረተው ታሉላ ጎሽ የተባለው ቡድን ድምፃዊት አሚሊያ ፍሌቸር እንደ ሕፃን ትዘፍናለች ተብላ ተቀልዶባታል። እርሷ ግን ኋላ የብሪታንያ መንግሥት የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኢኮኖሚስት ሆና ሠርታለች፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

በአሜሪካ ቢት ሃፕኒንግ የተባለ ቡድን ከኦሊምፒያ ከተማ ተመሳሳይ መንገድ ይዞ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ብላክ ታምቡሪን የተባለው ቡድን ሐበሻው በበዛበት በእኛው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ መነሣቱ ነው፤ ስንት ዓመት ቡና ስጠጣ በኖርኩበት ሰፈር! እነርሱ በጣፋጩ ዜማ ላይ ወፍራም ጫጫታ ስለሚያለብሱ ለጀማሪ ጆሮ ይከብዱ ይሆናል። ስለዚህ ኦሬንጅ ጁስን አስቀድመው ያዳምጡ፤ ከዚያ ፊልድ ማይስ የተባለውን የሳራ ሬከርድስ ቡድን፤ ብላክ ታምቡሪንን ለመጨረሻ ያቆዩ።