ጥያቄና መልስ፦ ሰርዶው ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

ጥያቄ፦ ግቢዬ ያስተከልኩት ሳር ከታኅሣሥ ወዲህ ቡናማ ሆነብኝ። ለምለም የሆነው ቧንቧው ሥርና ግንቡ ጥግ ብቻ ነው። ውሻችን በሚውልበት በኩል ክብ ክብ እየሆነ ደርቋል። ዩሪያ በተንኩበት፤ ባሰበት። ጎረቤቶቼ «ምስጥ ነው፣ መድኃኒት እርጪበት» ይሉኛል። የሳሩን ዓይነትም አላውቀውም። ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ሲያብብ ጫፉ ላይ እንደ ጣት የተዘረጉ አራት አምስት ዘለላዎች ያወጣል። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን እባክዎ ይተዉት። ልጅም ዶሮም የሚውለው እዚያው ሳር ላይ ነው።

ሳርዎ ሰርዶ ነው፤ ዘለላው ይመሰክራል። ሌላው በየግቢው የሚተከለው ኪኩዩ ሳር ቢሆን ቅጠሉ ሰፋ፣ ግንዱም ወፈር ይል ነበር። የኪኩዩ አበባ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚደበቅ የሚታየው ነጫጭ ክር ብቻ ነው።

ሰርዶ ሙቀት ይወዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይመቸዋል። ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷን እርስዎ ያውቁታል። ብርዱና ድርቁ ሲገጥሙ ሰርዶ ቅጠሉን አድርቆ ይተኛል። ግንቡ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልስለታል፤ ቧንቧው ሥር ደግሞ እርጥበት አለ። እዚያ የለመለመው ለዚህ ነው።

አሁን ከደረቀው ላይ ጨበጥ አድርገው ይሳቡ። እንቢ ካለና አንጓው ሲፋቅ ነጣ ያለ፣ እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። እንደ ምንጣፍ ተገፎ ከተነሣ ሥሩ ተበልቷል፤ አፈሩን ቆፈር አድርገው የተጠቀለለ ነጭ ትል ይፈልጉ። ምስጥ ከሆነ የጭቃ ሽፋኑ ይታያል። ግን ምስጥ የደረቀ ሳር ይወዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳሩ ከደረቀ በኋላ ነው።

ክቡ የውሻው ሽንት ነው። ዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ አይጠራጠሩ። ዩሪያውም ያለ ውኃ ሲበተን እንዲሁ ያቃጥላል። ሁለቱንም ቦታ ብዙ ውኃ አፍስሰው ይጠቡት።

ከዚያ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ጠዋት፣ ጠግቦ እስኪጠጣ ያጠጡ። ካቻቪቴ 10 ሴንቲ ያህል ሳይታገል ከገባ ውኃው ደርሷል። በበጋ አሳጥረው አይጨዱት። ዩሪያ ዝናብ እስኪይዝ ይቆይ። እስከ ሰኔ ያላቆጠቆጠ ቦታ ካለ፣ ከግንቡ ጥግ ሥር ያወጣ ሐረግ ነቅለው ይትከሉበት። ሰርዶ ራሱ ተስቦ ይሞላዋል፤ ሌላ ሳር መግዛት አያስፈልግዎትም።