ፍራንክፈርት ቤት ለምትፈልጊው እህቴ፦ ከዋጋው በፊት አንሜልዱንጉን ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በነርስነት ልትቀጠሪ ነው፤ ባለቤትሽና ልጅሽ ኋላ ይከተሉሻል። አንድ ያገራችን ሰው በወር 550 ዩሮ በእጅ የሚከፈል ክፍል አለኝ ብሎሽ፣ «አንሜልዱንግ ግን አይቻልም» አለሽ፤ በቤቱ አድራሻ መመዝገብ አትችዪም ማለቱ ነው። እባክሽ አትግቢ። ሰው ገንዘቡንም ወራቱንም የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

1ኛ፦ ቤት በገባሽ በ2 ሳምንት ውስጥ ቡርገርአምት (የነዋሪዎች መመዝገቢያ ቢሮ) ሄደሽ መመዝገብ ግዴታሽ ነው፤ ካልተመዘገብሽ እስከ 1,000 ዩሮ ሊያስቀጣሽ ይችላል። እዚያ የሚፈለገው የኪራይ ውል አይደለም። «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ» የምትባል፣ አከራዩ ፈርሞ የሚሰጥሽ የማረጋገጫ ገጽ ናት፦ ያከራየሽ ሰው ስምና አድራሻ፣ ባለቤቱ ሌላ ከሆነ የእሱ ስም፣ የገባሽበት ቀን፣ የቤቱ አድራሻ፣ የሚገቡት ሰዎች ስም። ይህች ገጽ ከሌለች አይመዘግቡሽም። ካልተመዘገብሽ የግብር መለያ ቁጥርሽ አይመጣም፤ ቁጥሩ የሚላከው በተመዘገብሽበት አድራሻ በፖስታ ነውና። ቁጥሩን ካላቀረብሽ አሠሪሽ ግብሩን በ6ኛው ምድብ ሊቆርጥ ይችላል፤ ከምድቦቹ ሁሉ ብዙ የሚቆረጠው በዚህ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግብርሽን አስታውቀሽ ልታስመልሺው ትችያለሽ፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ግን በምን ትከፍያለሽ? የውጭ ዜጎች ቢሮም የመኖሪያ ፈቃድሽን ጉዳይ የሚይዘው በተመዘገበ አድራሻሽ ነው።

ሰውየው ወረቀቱን የማይሰጥሽ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ተከራይ ስለሆነና ባለቤቱን ስላላስፈቀደ ነው። ሕጉ ግን ዋና ተከራይም ቢሆን ክፍል ያከራየ ሰው ወረቀቱን ፈርሞ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ባለቤቱ የደረሰበት ቀን የሰውየው ውል ሊፈርስ ይችላል፤ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፤ በእጅ ለከፈልሽው ደግሞ ደረሰኝ የለሽም። አዲስ መጤ አማራጭ የለውም ብሎ በወገኑ ላይ እንዲህ የሚነግድ ሰው እጅግ ያሳዝነኛል። «ታዲያ ጓደኛ ቤት በስም ብቻ ልመዝገብ» እንዳትዪ። ለማይኖርበት ሰው አድራሻውን ያበደረ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል፤ ውለታ የዋለልሽን ሰው መከራ ውስጥ ትከቺዋለሽ።

2ኛ፦ ዛሬውኑ ለሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል ጻፊና «ፐርዞናልቮንሃይም» የሚባል የሠራተኛ ማደሪያ እንዳላቸው ጠይቂ። ብዙ ሆስፒታሎች አላቸው፤ ካልጠየቅሽ ግን የሚነግርሽ የለም። እዚያ ከተያዘ ዕቃ የተሟላለት ክፍል ለ3 ወይም ለ6 ወር ያዢ። ለእያንዳንዱ አከራይ በመጀመሪያው መልእክት «ኢስት ዲ አንሜልዱንግ ሜግሊሽ?» (መመዝገብ ይቻላል ወይ?) ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪ። ከተማው ውስጥ ብቻ አትፈልጊ፤ ኦፈንባኽና ሃናው በባቡር ቅርብ ናቸው።

3ኛ፦ ወረቀቶችሽን በአንድ ፒዲኤፍ አዘጋጂ። የ3 ወር የደመወዝ ወረቀት ስለማይኖርሽ በምትኩ የሥራ ውልሽን፣ ሥራ የምትጀምሪበትን ቀንና ደመወዝሽን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤም አስገቢ። ሹፋ የሚባለውን የብድር ታሪክ ማስረጃ ይጠይቁሻል። ገና ለገባ ሰው ባዶ ነውና ገንዘብ አታውጪበት፤ «ዳተንኮፒ» የሚባለው የመረጃሽ ቅጂ በነፃ ይላካል። ኢሞስካውት በሚባለው የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እንደወጣ ወዲያው ካልጻፍሽ በመቶ መልእክት ሥር ትቀበሪያለሽ። በጀርመንኛ አምስት መስመር ይበቃል፦ ማን ነሽ፣ የት ትሠሪያለሽ፣ የተጣራ ደመወዝሽ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ትገባላችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ። የከተማው የሆነው የቤት አከራይ ድርጅት አቤጌ ጋም ተመዝገቢ። ስልክ ደውለሽ ጀርመንኛሽ ሲሰናከል ጆሮሽ ላይ የሚዘጉ ቢሮዎች አሉ፤ ይህ ንቀት ነው፤ ግን ተስፋ አትቁረጪ፣ በጽሑፍ ድገሚባቸው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ማስታወቂያ ላይ «ካልት» የሚለው ባዶ ኪራዩ ነው፤ «ቫርም» የሚለው ማሞቂያውንና የቤቱን ወጪ ጨምሮ ነው፤ መብራት ብዙውን ጊዜ ለብቻው ነው። መያዣው ካውሲዮን ከ3 ወር ካልት አይበልጥም፤ በሕግ በ3 ወር ከፋፍለሽ የመክፈል መብት አለሽ። ካልቱ 800 ዩሮ ከሆነ መያዣው ቢበዛ 2,400 ነው፤ ከመግባትሽ ጋር 800፣ ቀሪውን ከሚቀጥሉት ሁለት ኪራዮች ጋር 800፣ 800። «ውጭ አገር ነኝ፣ መያዣውን ላኪና ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» ያለሽ ሁሉ ሌባ ነው። አንቺ ወይም የምታምኚው ሰው ቤቱ ውስጥ ሳይቆም አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ። ደላላም ራስሽ በጽሑፍ ካላዘዝሽው ክፍያ ሊጠይቅሽ አይችልም፤ ከ2015 ጀምሮ ያዘዘው ነው የሚከፍለው። ማስታወቂያው «ኤቤካ» (የተገጠመ ኩሽና አለው) ካላለ ደግሞ ኩሽናው ባዶ ግድግዳ ሊሆን ይችላል፤ ምድጃም ማጠቢያም አይኖረውም።

ቁልፍ ስትረከቢ «ኡበርጋቤፕሮቶኮል» የሚባለውን የርክክብ ሰነድ ሳትፈርሚ አትውጪ። የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ፣ የተጫረውን ወለል፣ የተሰነጠቀውን ሰድር ሁሉ አስጽፊ፣ ፎቶም አንሺ። ስትለቂ መያዣሽን የምታስመልሺበት እሱ ነው።

በስማችን የተነሳ የሚመጣውን ችግር ደግሞ ጀርመኖቹ አያውቁትም፣ እኛም ዘግይተን ነው የምንነቃው። አንቺ በአባትሽ ስም፣ ባለቤትሽ በአባቱ፣ ልጃችሁ በባለቤትሽ ስም ትጠራላችሁ፤ በአንድ ቤት ውስጥ የተለያየ የቤተሰብ ስም አለ ማለት ነው። ፖስተኛው ሳጥኑ ላይ የሌለ ስም ካየ ደብዳቤውን ይመልሰዋል፤ የግብር ቁጥሩም የባንክ ካርዱም እንዲሁ ይመለሳል። ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም መስመር የተጻፈውን፣ ፊደል ሳትቀይሪ፣ ውሉም ላይ፣ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንጉም ላይ፣ ሳጥኑም ላይ አንድ ዓይነት አድርጊው። የቤቱ አስተዳደር የስም ሰሌዳ እስኪሠራ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላልና ገና በገባሽበት ማታ በወረቀት ጽፈሽ በፕላስተር ለጥፊው። ባለቤትሽና ልጅሽ ሲመጡም የእነሱን ከሥሩ ጨምሪ።