ሻምፖ ከመቀየርሽ በፊት ፎረፎሩን አስመርምሪ

እህቴ፣ የ3 ወር ቡችላሽ ጀርባው ላይ ነጭ ፎረፎር እንዳለው፣ እንደሚያሳክከው፣ በየሳምንቱ በሕፃን ሻምፖ ብታጥቢውም እየባሰበት እንደሄደ ጽፈሻል። የትኛው ሻምፖ ይሻለዋል ብለሽም ጠይቀሻል። የእኔዋም ልክ እንዲህ ነበረች። ስለዚህ የሻምፖ ስም ትቼ እኔ ያየሁትን መከራ እንዳታዪ የሚረዳሽን ልንገርሽ።

1. ማጠቡን ለጊዜው ተይው። የሰው ቆዳ ከውሻ ቆዳ ይልቅ አሲዳማ ነው። የሕፃን ሻምፖም ቢሆን የተሠራው ለሰው ነው። ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ቆዳውን የሚጠብቀው ቅባት ይጠፋል፣ ድርቀቱም ይብሳል። ማጠብ ግድ ሲሆን ለቡችላ በተሠራ ሻምፖና ለብ ባለ ውሃ ይሁን፤ አረፋው ተጠርጎ እስኪወጣ አለቅልቂው። ከጥያቄሽ ሥር አንዷ ቲ ትሪ የሚባለውን ዘይት ቀቢው ብላሻለች። እባክሽ እንዳታደርጊው! ውሻ የተቀባውን ይልሳል፣ ዘይቱም ይመርዘዋል።

2. ፎረፎሩን ራሱን እዪው። ጥቁር ጨርቅ አንጥፊና ጀርባውን በቁንጫ ማበጠሪያ አበጥሪው። የረገፈውን በአጉሊ መነፅር ተመልከቺ። ከነጮቹ ቅንጣቶች አንዱ እንኳ ሲንቀሳቀስ ካየሽ ድርቀት አይደለም። ቼይለቲየላ የሚባል በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ተባይ ነው። ፎረፎሩን እየተሸከመ ስለሚሄድ «የሚራመድ ፎረፎር» ይሉታል። ቡችሎች ላይ በብዛት ይታያል፣ ከእንስሳ ወደ እንስሳም ይጋባል።

የእኔዋ ችግር ይኸው ነበር። መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ ግን ማን ሊያይልኝ! ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ፀጉሯን እንኳ ገለጥ ሳያደርግ «ደረቅ ቆዳ ነው» አለኝና ሻምፖ ሸጠልኝ። ልጆቼም ክንዳቸውና ሆዳቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቶባቸው እንደሚያክኩ ነገርኩት። «እሱን ለሰው ሐኪም ንገሪ» ብሎ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ትልቁን ምልክት በእጁ ሰጥቼው ነበር እኮ! ይህ ተባይ ሰውንም ይነክሳል። ሰው ላይ ስለማይራባ ውሻው ሲታከም የሰውም ማሳከክ ይጠፋል። ያንን ባለማድመጡ እሷም ልጆቼም በከንቱ ተሰቃዩ፣ የሻምፖው ገንዘብም ውሃ በላው።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሌላ ሐኪም ጋ ሄጄ የልጆቹን ነገር አስቀድሜ ተናገርኩ። ሐኪሟ ወዲያው ስኮች አወጣች። ጀርባዋ ላይ ለጥፋ አነሳችውና ማይክሮስኮፕ ስር አደረገችው፤ ለእኔም አሳየችኝ። ምርመራው ያን ያህል ቀላል ነው። አንቺም «በስኮች ይታይልኝ» ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። አንዳንዴ ተባዩ ውሻው ሲልስ ስለሚሄድ ምርመራው ላይ ላይገኝ ይችላል። ምልክቱ ከተሟላ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ ለውጡን ሊከታተል ይችላል።

ለእኔዋ የታዘዘላት ቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ ሴላሜክቲን የሚባል መድኃኒት ነው። ከ6 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ስለሆነ አስመዝኚው። ተባዩ ከእንቁላል እስከ እንቁላል ጣይነት 3 ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተው አይሆንም፤ ፎረፎሩ ጠፋ ብለሽ እንዳታቋርጪ። የሚተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ እጠቢ፣ ቤቱንም ጥረጊ፤ ተባዩ ከውሻው ወርዶም ለቀናት ይቆያል። ቤት ውስጥ ያሉት ሌሎች ውሾችና ድመቶችም አብረው ይታከሙ። የእኔዋ አሁን ፀጉሯ ያብረቀርቃል፣ የሚያያት ሁሉ ምን ቀብተሻት ነው ይለኛል።

አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ራስሽ ገዝተሽ ስጪው የሚል ካለ አትስሚው። ኮሊንና የመሳሰሉ የእረኛ ውሻ ዝርያዎችን አእምሯቸውን ይመርዛል፣ ሊገድላቸውም ይችላል። የተዳቀለ ቡችላ ደግሞ በዘሩ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ታውቂያለሽ?

ተባይ ካልተገኘ ሦስት ነገር አስታዪ። የአንጀት ትል የቡችላን ፀጉር ያደርቃል። ጭርት ክብ ክብ እያደረገ ፀጉር ይመልጣል፣ እሱም ወደ ሰው ይጋባል። ምግቡ ደግሞ ለሚያድግ ቡችላ የተመጣጠነ መሆን አለበት። የዓሣ ዘይት ይረዳል፤ ግን መጠኑን ከሐኪም ጠይቂ፣ ሲበዛ ያስቀምጠዋል። የውሻ የላይኛው ቆዳ ለመታደስ 3 ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ በማግስቱ ለውጥ አትጠብቂ።

ቤት ውስጥ የሚያክክ ሰው አለ? ድመትስ አለሽ? እዚሁ መልሺልኝ። ድመት ካለሽ ለውሻ የሚሸጥ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበትን ጠብታ ወደ ቤት እንዳታስገቢ፣ ድመትን ይገድላል።