ሎሚና ጎራዴ፦ ለጨዋታ ሠሪ ወጣቶች

ይድረስ ለጎንደር ልጆች፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ለመሥራት ለተነሣችሁ፤

የሰጣችሁኝን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ። ሙያችሁን ሳላደንቅ አላልፍም። የፋሲል ግቢ ግንብ የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚይዘውን መልክ አግኝታችሁታል፤ ጎራዴው ከአፎቱ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅም ጆሮ ይይዛል። ጠመንጃውን ትታችሁ ጎራዴ መምረጣችሁን ደግሞ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱ ጎንደር ለሚኖር ሰው አይነገረውም። ግን ጠይቃችሁኛልና እውነቱን ልንገራችሁ፦ የሠራችሁት በአንድ በር የሚገባባቸው ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። ባለታሪኩ ቀን ቀን ከአንዲት ልጅ ጋር ይጠናናል፣ ማታ ማታ ግንቡ ሥር ወርዶ ከአውሬ ጋር ይዋጋል። ቀኑ ማታውን አያውቀውም፣ ማታውም ቀኑን። ሶፍትዌር ስሠራና ሳስተምር ላረጀሁት ለእኔ ይህ የታወቀ በሽታ ነው፤ ሁሉም የየድርሻውን አሳምሮ ይሠራና ማገናኘቱን ማንም ሥራዬ ብሎ አይይዘውም። ተመሳሳይ ነገር የሚያስብ ሌላ ወጣትም ስለማይጠፋ ደብዳቤውን ለሁላችሁም አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ፍቅርንና ውጊያን በአንድ ጨዋታ ማጣመር በእናንተ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን የወጣውን የጨዋታ አምራቹን የሴጋን ሳኩራ ዋርስ ተመልከቱ። ተጫዋቹ አዛዥ ሆኖ ከሴት ተዋጊዎቹ ጋር ሲነጋገር መልሱን ሰዓቱ ሳያልቅ መምረጥ አለበት፤ ዝም ካለ ዝምታውም እንደ መልስ ይቆጠርበታል። ያ ንግግር ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ ተዋጊዋ በጦር ሜዳ የምታሳየውን ብርታት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፐርሶና 3 በበኩሉ ጊዜን መገበያያ አደረገ። ተጫዋቹ ቀን ተማሪ፣ ሌሊት ተዋጊ ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ግን አንድ ነው። ከጓደኛው ጋር ያሳለፈው ከሰዓት በኋላ በውጊያ ጊዜ ኃይል ይሆነዋል፤ ያንኑ ከሰዓት ግን ለሌላ ሰው መልሶ ሊሰጠው አይችልም።

የእናንተን ሐሳብ ይበልጥ የሚመስለው በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኘው ኪትፎክስ ጌምስ የተባለ አነስተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 በኪክስታርተር፣ በኢንተርኔት የገንዘብ ማሰባሰቢያ፣ ከተጫዋቾች ገንዘብ አሰባስቦ በ2021 ያወጣው ቦይፍሬንድ ደንጅን ነው። በዚህ ጨዋታ ሰይፉ ራሱ ሰው ነው። ተጫዋቹ ይዞት የሚዋጋው መሣሪያ ወደ ሰው ይለወጣል፣ አብሮት ይዝናናል፣ ስጦታ ይቀበለዋል፤ መቀራረባቸው በጨመረ ቁጥር መሣሪያው አዲስ የውጊያ ችሎታ ያገኛል። የሚዋጋቸው ጭራቆችም ከባለታሪኩ ከገዛ ፍርሃቱ የወጡ ናቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ፍቅሩን ከውጊያው አጠገብ አላስቀመጡትም፣ እጀታው ላይ አኖሩት። ተጫዋቹ ጎራዴውን በጨበጠ ቁጥር ከማን ጋር እንደሆነ ያውቃል።

እናንተ ደግሞ ለዚህ ጃፓንም ካናዳም ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ቋራ ቅርባችሁ ነው። የቋራውን ሰው ካሣ ኃይሉን በጋብቻ ለማሰር ተብሎ የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት። ካሣ ግን አልታሰረም፤ ከአማቱ ጋር ተዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 አይሻል ላይ አሸነፋቸው፣ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሠ። ተዋበች ከአባቷና ከባሏ መካከል መምረጥ ነበረባት፤ ከባሏ ጋር ቆመች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፍቅሩን አውጥታችሁ ጦርነቱን ብቻ፣ ወይም ጦርነቱን አውጥታችሁ ፍቅሩን ብቻ ለመተረክ ሞክሩ፤ አይሆንላችሁም። ጨዋታችሁም እንዲህ እንዳይለያይ ሆኖ ቢሠራ ነው የምመኘው። ልጅቷ የምትወደው ሰው የሚዋጋው ከማን ወገን ጋር እንደሆነ ይገዳት። ባለታሪኩም ጎራዴ ሲመዝ የማን ወንድም ፊት ለፊቱ እንደቆመ ይወቅ።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ ከወደዳችሁት ውሰዱት። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጣችሁት አዝማሪ አሁን ማሲንቆውን ይዞ ለጌጥ ተቀምጧል። ሥራ ስጡት። ተጫዋቹ ሌሊት ያደረገውን ቀን ይዝፈነው። ሸሽቶ ከሆነ በግጥም ይሸንቁጠው፣ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ከወጣ ያወድሰው፤ ልጅቷም እዚያው ተቀምጣ ትስማ። ለፕሮግራም ሠሪው ከባድ አይደለም፦ ውጊያው ሲያልቅ ጥቂት ምልክቶችን ትመዘግባላችሁ፣ ሸሽቷል፣ ጓደኛ አድኗል፣ እጁን የሰጠ ጠላት ገድሏል እያላችሁ፤ አዝማሪው ከምልክቱ ጋር የሚሄደውን ስንኝ ይመርጣል። ሃያ ጥሩ ስንኝ ከሁለት መቶ ተራ ንግግር ይሻላል። ስንኙን ግን ራሳችሁ አትግጠሙት፤ ከተማው በአዝማሪ ድሃ አይደለም፣ ሄዳችሁ ከፍላችሁ አስገጥሙ።

አሁን ወደሚያስከፋኝ ነገር ልምጣ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ቆማለች። ማር ሲሰጧት አሥር ነጥብ፣ ነጠላ ሲሰጧት ሃያ፤ መቶ ሲሞላ ከራሷ በላይ ቀይ ልብ ይበራል። እኔ ማር ብቻ እያመላለስኩ አገባኋት። ማሩን በተቀበለች ቁጥር ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትደግምልኝ፣ ከሰው ጋር ነው የምጠናናው ብዬ ማሰቡን ተውኩት። ይባስ ብሎ የመጨረሻውን አውሬ የገደልኩ እንደሆነ ነጥቤ ባይሞላም ልጅቷን ይድሩልኛል። ማን ጠየቃት? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ጠለፋን ያለ ማመካኛ ወንጀል አድርጎታል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በጋብቻ ካስቀራት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ጨዋታችሁ የሚመራው በአሮጌው ሕግ ነው። እምቢ የማለት መብት ስጧት፤ እምቢታዋም ማር ሲበዛ የሚሟሟ አይሁን። ዕድሜዋንም ከአሥራ ስምንት በላይ መሆኑ በግልጽ እንዲታወቅ አድርጉ፤ «የድሮ ዘመን ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

እዚህ ላይ የካናዳዎቹ ልምድ ይጠቅማችኋል። በጨዋታቸው ውስጥ እምቢ ቢባልም የማይሰማ፣ እግር በእግር የሚከታተል ሰው አለ። ጨዋታው እንደወጣ በመግቢያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ይህን በበቂ አይገልጽም የሚል ቅሬታ ተነሣ፤ ቡድኑም ማስጠንቀቂያውን አሻሻለ። በሌላ በኩል አንድ ደግ ነገር አድርገዋል፦ ከባለታሪኩ እናት የሚመጣውን መልእክት ያልፈለገ ተጫዋች ሊያጠፋው ይችላል። እናቱን ያጣ ወይም በእናቱ የተጎዳ ልጅ እንደሚጫወት ያሰበ ሰው የጻፈው ኮድ ነው። በኛ አገር ደግሞ ስንቱ ቤት ሐዘን እንደገባ ታውቃላችሁ፤ በጨዋታችሁ ያለውን የቀብር ትዕይንት መዝለል ለሚፈልግ መዝለያ አድርጉለት።

መጠናናቱን የት ታደርጉታላችሁ? አሁን ሁለቱ ብቻቸውን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፤ ይህ ከውጭ ጨዋታ የተቀዳ ነው። በጎንደር ሰው ብቻውን ይጠናናል እንዴ? ጎረቤት አለ፣ አክስት አለች፣ ከሁሉም በላይ ጥምቀት አለ። የፋሲለደስን መዋኛ በደንብ ሠርታችሁታል፣ ሥሩ ግንቡን አቅፎ የያዘው ዛፍ ሳይቀር። ታዲያ በዚያ ቀን ሎሚ ወርውሩ! ሎሚው ዒላማውን የሚመታበት እጅ ጦር የሚወረውርበት እጅ ይሁን፤ ተጫዋቹ ለውጊያ የተለማመደውን ውርወራ እዚህ ይጠቀምበት። ከሳተ አክስቷን ይምታ። አክስቲቱም በሽማግሌው ቀን ታስታውሰው። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ዓለም፤ ይህን ብታደርጉ ሌላው ምክሬ ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም።

የቋንቋው ነገር አድካሚ ነው፤ ቶሎ ልለፈው ብዬ ነበር ግን አይታለፍም። ባለታሪኩ ወንድም ሴትም መሆን እንዲችል አድርጋችኋል፤ መልካም። እንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለሁለቱም ይጠቀምበታል። እኛ ግን «ትመጣለህ»፣ «ትመጫለሽ»፣ «ይመጣሉ» አለብን። እናንተ ይህን በኮድ መጨረሻውን እየቀጠላችሁ ለመሥራት ሞክራችሁ በሁለተኛው ምዕራፍ አንዲት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወንድም ሴትም ሆና ትጠራለች። ተዉት፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስቱም መልክ ሙሉውን ጻፉት። አሰልቺ ነው፣ ግን አይሳሳትም። ትርፍም አለው፦ ያን ቀይ ልብና ነጥቡን አውጥታችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ። በመጀመሪያ አንቱ ስትለው የነበረች ልጅ አንድ ቀን፣ ያውም ስትቆጣው፣ አንተ ብትለው ተጫዋቹ ያለ ምንም ቁጥር ይገባዋል።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰበብ የለንም። ካርታው ላይ ግን «ቋራ» የሚለው ባዶ ሳጥንና «ራ» ሆኖ ወጥቷል። ቅርጸ ፊደሉን ወደ ጨዋታው ስታስገቡ ከሀ እስከ ፐ ሰባት ሰባቱን ብቻ መርጣችሁ ቋን፣ ጓን፣ ኳን ረስታችኋል። ሙሉውን አስገቡ። የቴዎድሮስን አገር ሳጥን አታድርጉብኝ።

ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ብዙ አልልም። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን ጨዋታ አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራው ከአራት ዓመት በላይ ወስዶበታል፤ እናንተ ሦስት ናችሁ፣ መብራትም ይጠፋል፣ ትምህርትም አለ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራት ኩኩሉ በመሮጥ ላይ የተመሠረተች የዶሮ ጨዋታ ናት፤ ትንሽ ነገር አሟልቶ መጨረስ እንደሚቻል በአገራችን አሳይታለች። ስምንቱን ግንቦችና አምስቱን ልጃገረዶች ለጊዜው አቆዩአቸው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ጥምቀት፣ አንዲት ልጅ፣ አንዲት አክስትና አንድ አዝማሪ ያሉበት የአንድ ሰዓት ጨዋታ ሠርታችሁ አምጡልኝ። በኢንተርኔት አትላኩት፤ ፋይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ፒያሳ ስትመጡ በፍላሽ ያዙት፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። አሮጌው ስልኬ ላይም እንዲሠራ አድርጉ፤ የአብዛኛው ተጫዋቻችሁ ስልክ እንደ እኔው ነውና።

አክባሪያችሁ